ስለ ባቡር መንገድ የሳይበር ደኅንነት ሥልጠና በቡድን አዘገጃጀት፦ ሂሳዊ አስተያየት

1. መግቢያ

በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ «በቡድን ተዘጋጀ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው። ምዕራፎቹ ለተለያዩ ሰዎች ይታደላሉ፤ እያንዳንዱ የደረሰውን ድርሻ ለብቻው ጽፎ ያስረክባል፤ አንድ ሰው ሁሉንም ሰብስቦ የገጽ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በመጨረሻም የሁሉም ስም በሽፋኑ ላይ በፊደል ተራ ይሠፍራል። ይህ አሠራር ለአንዳንድ የትምህርት ዐይነቶች ያን ያህል ጉዳት ላያመጣ ይችላል። ስለ መሬት አቀማመጥ የጻፈው ሰው ስለ አየር ንብረት ከጻፈው ጋር ባይነጋገርም፣ ተማሪው ከሁለቱም ቁም ነገር ማግኘቱ አይቀርም። ነገር ግን የትምህርቱ ጉዳይ ሕዝብ ተሳፍሮ የሚሄድበት ባቡር ሲሆን፣ በሁለት ምዕራፎች መካከል የሚቀረው ክፍተት በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። አንዱ ጸሐፊ «ይህን ሌላው ይጽፈዋል» ብሎ ያለፈው ነገር፣ ሠልጣኙ በተረኛነት ወንበሩ ላይ በተቀመጠበት ሌሊት ያልተማረው ነገር ሆኖ ይገኛል።

የሳይበር ደኅንነት ማለት በኮምፒዩተሮችና በመገናኛ መረቦች ላይ የተመሠረተ ሥራ በክፉ አሳቢም ሆነ በቸልተኛ እጅ እንዳይበላሽ፣ ቢበላሽም ቶሎ እንዲያገግም የሚደረግ ጥበቃ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለባቡር መንገድ ሠራተኞችና ለቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች በኢንተርኔት የሚሰጥ የዚህ ዐይነት ሥልጠና እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚገባ መመርመር ነው። በተለይም በቡድን የማዘጋጀት ልማዳችንን፣ መነቀፍ የሚገባውን ነቅፎ፣ የሚበጀውን ለመጠቆም ይሞክራል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከምሥራቅ አዲስ አበባና ከዚያው ከሚያልፈው የባቡር መሥመር ነው።

2. የጉዳዩ መነሻ

በቦሌ፣ በየካ ወይም በለሚ ኩራ የሚያስተምር መምህር ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ምሥራቅ ምዕራብ መሥመር ከአያት ተነሥቶ በሲ.ኤም.ሲ.፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ፣ ከዚያም በሃያ ሁለትና በዑራኤል አድርጎ እስከ ጦር ኃይሎች ይዘልቃል፤ ርዝመቱም 17.4 ኪሎ ሜትር ነው። ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ከተዘረጋው 16.9 ኪሎ ሜትር መሥመር ጋር በመካከል 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ይጋራል። ሥራው በጠቅላላው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የጠየቀ ሲሆን፣ 85 በመቶው የተገኘው ከቻይናው ኤክዚም ባንክ በብድር ነው። የግንባታው ተቋራጭ ቻይና ሬልዌይ ግሩፕ ነበር። የሰሜን ደቡቡ መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የምሥራቅ ምዕራቡም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተከተለ። ለሁለቱ መሥመሮች 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር።

ከከተማው ውጭ ደግሞ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። ይህን መንገድ ለስድስት ዓመታት ያህል ሲያንቀሳቅሱና ሲጠግኑ የቆዩት የቻይና ኩባንያዎች ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ የጋራ ኩባንያ በ2016 ዓ.ም. አስረክበዋል።

እነዚህን ቁጥሮች እዚህ ላይ የምንጠቅሰው ለታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ምድር ባቡር ቢበላሽ፣ ብልሽቱ በዐይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነበር። የዛሬው ባቡር ግን ኤሌክትሪኩ ከርቀት የሚከፈትና የሚዘጋ፣ አሽከርካሪውና የጉዞ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ የሚገናኙ፣ የባቡሩ ፍሬንና በር በኮምፒዩተር የሚታዘዙ፣ ብልሽቱም በላፕቶፕ የሚመረመር ነው። ስለዚህ የቁልፉ ርክክብ ሲፈጸም ሐዲዱና ሠረገላው ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ ያለው የማይታየው ሥርዓትም አብሮ ተረክቧል ማለት ነው። ጥያቄው ተረካቢው የተረከበውን ሁሉ ያውቀዋል ወይ የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሥልጠና ነው።

3. አንድ ቃል፣ ሁለት ሙያ

ቡድኑ ሥራ ሲጀምር የሚያጋጥመው የመጀመሪያ እንቅፋት በቋንቋችን ውስጥ ያለ ነው። በአማርኛ «ደኅንነት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። የባቡር ሰው «ደኅንነት» ሲል በአእምሮው የሚመጣለት ግጭት፣ ከሐዲድ መውጣትና የተሳፋሪ ጉዳት ነው፤ ይኸውም ከአደጋ መጠበቅ ማለት ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያው «ደኅንነት» ሲል የሚታየው ሰርጎ ገብ፣ የተሰረቀ የይለፍ ቃልና የተበላሸ መዝገብ ነው፤ ይኸውም ከጥቃት መጠበቅ ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ስብሰባ ተቀምጠው አንዱን ቃል እየደጋገሙ ቀኑን ሙሉ ሊስማሙ ይችላሉ፤ ስምምነታቸው ግን የቃል እንጂ የሐሳብ አይሆንም።

ልዩነቱ ከቃል አልፎ በተግባር እንደሚጋጭ ለማሳየት ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። በማንኛውም የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ያስገባ ሰው እንዲዘጋበት ማድረግ ጥሩ ደንብ ነው። ይኸው ደንብ በጉዞ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ቢተከል ግን፣ አደጋ ሊደርስ ሲል እጁ የተንቀጠቀጠ ተረኛ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶበት ባቡሩን ማስቆም ሊያቅተው ይችላል። እንደዚሁም የኮምፒዩተር ባለሙያው «አዲስ የሶፍትዌር ማሻሻያ እንደ ወጣ ወዲያውኑ ጫኑ» ብሎ ያስተምራል፤ የባቡር ሲግናል መሐንዲስ ደግሞ በአደጋ መከላከያ ሥርዓት ላይ አንዲት መሥመር ሶፍትዌር ከተለወጠች ሥርዓቱ እንደገና ሳይፈተሽ ባቡር እንዳይሄድ ያዛል። ሁለቱም በየሙያቸው ትክክል ናቸው። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ምዕራፍ ቢጽፉ ግን ሠልጣኙ በምዕራፍ 3 የታዘዘውን በምዕራፍ 7 ይከለከላል።

በመሆኑም የቡድኑ የመጀመሪያ ሥራ የቃላት ዝርዝር ማውጣትና መተርጐም ነው። «ከአደጋ መጠበቅ» እና «ከጥቃት መጠበቅ» የሚሉትን ለይቶ መጻፍ ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተለየ በኋላ በየትምህርቱ «ይህ መመሪያ የትኛውን ይጠብቃል? ሌላውንስ ይጐዳል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። በቢሮ ሥራ ከሁሉ በፊት የሚታሰበው የምስጢር መጠበቅ ነው፤ በባቡር ሥራ ግን ከምስጢሩ ይልቅ የትእዛዙ እውነተኛነትና የአገልግሎቱ አለመቋረጥ ይቀድማል። ይህን የቅደም ተከተል ልዩነት ያልያዘ መርሐ ትምህርት ከባንክ ወይም ከቢሮ ተገልብጦ «ባቡር» የሚል ቃል የተጨመረበት ከመሆን አያልፍም። የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2021 ለባቡር ሥራ ብቻ የተለየ የሳይበር ደኅንነት መመሪያ፣ በቁጥር 50701 የሚታወቀውን፣ ያወጡት አጠቃላዩ የኢንዱስትሪ መመሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ስላመኑ ነው።

4. ከውጭ አገር ድርጊቶች የሚገኝ ትምህርት

በዚህ መስክ የሚዘጋጁ ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች የውጭ አገር ጥቃቶችን እንደ ማስፈራሪያ ይደረድራሉ። ሠልጣኙ ይደነግጣል እንጂ አይማርም። ድርጊቶቹ ለትምህርት የሚጠቅሙት «በዚያች ሰዓት ማን ምን ማድረግ ነበረበት?» ተብሎ ሲጠየቅባቸው ነው። አራቱን እንመልከት።

በፖላንድ ሎድዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 2008 አንድ የ14 ዓመት ልጅ የቴሌቪዥን ሪሞት መቆጣጠሪያን ለውጦ በመሥራት የትራም ሐዲድ ማቀያየሪያዎችን አንቀሳቀሰ። 4 ትራሞች ከሐዲድ ወጡ፤ 12 ሰዎች ተጐዱ። ይህ ድርጊት ከማንም ይልቅ እኛን መምህራንን ይመለከታል። ልጁ የባንክ ዘራፊ ሳይሆን የኤሌክትሮኒክስ ፍቅር ያደረበት ተማሪ ነበር። ማቀያየሪያው ትእዛዙ ከማን እንደ መጣ ሳይጠይቅ የሚታዘዝ መሆኑ የመሐንዲሶች ጥፋት ነው፤ እንዲህ ያለ ዝንባሌ ያለው ልጅ ችሎታውን የሚያውልበት የተፈቀደ ቦታ ማጣቱ ግን የትምህርት ሰዎችን የሚያሳስብ ነገር ነው።

በዚያው በፖላንድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ከ20 የሚበልጡ ባቡሮች በሬዲዮ በተላለፈ የማስቆሚያ ምልክት ያለ ፈቃድ እንዲቆሙ ተደረገ። ምልክቱ ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀ፣ ምስጢራዊ ያልሆነ የሦስት ድምፆች ቅንብር ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጥቃቱ የተፈጸመው ከአደጋ መጠበቂያ በሆነው መሣሪያ መሆኑ ነው። «ከተጠራጠርክ ባቡሩን አቁም» የሚለው የባቡር ሰዎች ወርቃማ ሕግ በአጥቂ እጅ ሲገባ አገልግሎትን ማቋረጫ ሆነ። ከላይ በክፍል 3 ያነሣነው የሁለቱ ትርጉሞች ጉዳይ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

በዴንማርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2022 የመንግሥቱ የባቡር ድርጅት ባቡሮች በሙሉ ለሰዓታት ቆሙ። ጥቃት የደረሰበት የባቡር ድርጅቱ ሳይሆን ሶፍትዌር የሚያቀርብለት ሌላ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው ለጥንቃቄ ኮምፒዩተሮቹን ሲዘጋ፣ አሽከርካሪዎች ስለ ፍጥነት ገደብና ስለ ሐዲድ ጥገና መረጃ የሚያገኙበት መተግበሪያ አብሮ ተዘጋ። ያለዚያ መረጃ መንዳት አደገኛ ስለሆነ ባቡሮቹ መቆም ነበረባቸው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የአጥርህን ቁመት ከመለካትህ በፊት በአጥርህ በኩል የሚገቡትን የሌሎች ሰዎች ገመዶች ቁጠር የሚል ነው። መሣሪያውም፣ ሶፍትዌሩም፣ የጥገና መመሪያውም ከውጭ ለመጣለት እንደ እኛ ላለ አገር ይህ ትምህርት ከሁሉ ይቀድማል።

በመጨረሻም እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 2025 በዩክሬን የባቡር ድርጅት የኢንተርኔት ቲኬት መሸጫ ላይ ከባድ ጥቃት ደረሰ። ቲኬት በጣቢያ መስኮት መሸጥ ግድ ሆነ፤ ረጅም ሰልፍም ታየ፤ ባቡሮቹ ግን መሄዳቸውን አላቋረጡም። የዳኑት በተሻለ ኮምፒዩተር ሳይሆን ያለ ኮምፒዩተር መሥራትን ባለመርሳታቸው ነው። ስለዚህ በወረቀት ቲኬት፣ በስልክና በእጅ በሚሞላ መዝገብ ሥራ የቆየ ሠራተኛ በዚህ ሥልጠና ውስጥ የሚገባው እንደ ሠልጣኝ ብቻ ሳይሆን እንደ አሠልጣኝም ነው። አሮጌውን አሠራር «ጊዜው ያለፈበት» ብሎ ከመርሐ ትምህርቱ የሚሰርዝ ቡድን፣ መድን የተገባበትን ውል ቀዶ እንደ ጣለ ይቆጠራል።

5. ያለፉት ሙከራዎች ሲመዘኑ

በቴክኖሎጂ አማካይነት ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ማስተማር ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሠራጨው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው፣ የብዙዎቻችን ትዝታ ነው። ትምህርቶቹ የተቀረጹት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሲሆን፣ በክፍል ውስጥ የሚገኘው መምህር የቀረችው ድርሻ በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ነበረች። በጎ ጐኑን መካድ አይገባም፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የነበረ ተማሪ የሳይንስ ሙከራ በምስል አይቶበታል። ነገር ግን ስክሪኑ ተማሪው አለመረዳቱን አያይም፤ አይቆምለትም፤ መምህሩም የራሱ ያልሆነ ትምህርት ጠባቂ ሆኖ ነበር። ስሕተቱ የመሣሪያው ሳይሆን የአዘገጃጀቱ ነበር፤ የሚያስተምረው ሰው በዝግጅቱ ቡድን ውስጥ በቂ ቦታ አልነበረውም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤሜሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሌላ መልክ አለው። ማንም ሰው በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ተመዝግቦ በራሱ ጊዜ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የመሳሰሉትን መሠረት ተምሮ የምስክር ወረቀት ያገኛል። ለተባለለት ዓላማ፣ ማለትም በርና መግቢያ ለመሆን፣ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ዕቅድ አውጪዎች ይህን መልክ ለሁሉም ሥልጠና እንደ ቅርጽ እንዳይወስዱት ማሳሰብ ይገባል። እዚያ ሠልጣኙ ብቻውን ይማራል፤ የባቡር ሥራ ግን ብቻውን የሚሠራ ሰው የለውም። አሽከርካሪው፣ ተቆጣጣሪው፣ የኃይል ክፍሉና የጥገናው ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተናበው ካልሠሩ የእያንዳንዳቸው የምስክር ወረቀት አንድ ባቡር አያድንም።

ለንጽጽር የሚጠቅመው የተሻለ ምሳሌ የሚገኘው ከዚሁ ከቦሌ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ የሥራ አመራር ውል ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ኃላፊነቱን የተረከቡት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በመካከሉ ባለፉት 25 ዓመታት የጥገና ሠራተኞች፣ የአብራሪዎችና የአስተናጋጆች ሥልጠና ከሥራው ጋር ጐን ለጐን ተተክሎ አደገ፤ መሣሪያው ባለበት አስተማሪው ነበረ፤ የውጭ ባለሙያው ሲወጣ ዕውቀቱ አብሮ አልወጣም። የባቡሩ ርክክብ የተፈጸመበት ጊዜ ከዚህ እጅግ ያጠረ ነው። ያጠረውን ጊዜ ለመካስ ያለው መንገድ ዕውቀቱን በጽሑፍና በሥልጠና መልክ በፍጥነት መያዝ ነው።

ለዚህም መንደርደሪያ የሚሆን ነገር አለ። በምሥራቅ አዲስ አበባ የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞችን በሚያስተምረው የቀድሞው ፌዴራል ቴክኒክና ሙያ ኢንስቲትዩት፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ በተባለው፣ ከቻይናዋ ቲያንጂን ጋር በመተባበር የሉባን ወርክሾፕ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል። የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ትምህርት የሚሰጥበት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የባቡር ምሕንድስና በድኅረ ምረቃ ደረጃ ይሰጣል። በጥበቃው በኩል ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤትና የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አሉ። መሥሪያ ቤቱ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከግብፅ በተነሡ ቡድኖች የተቃጣ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን ማስታወቁ ሥጋቱ የሩቅ አገር ወሬ አለመሆኑን ያሳያል። ሰዎቹም መሣሪያዎቹም አሉ፤ የጐደለው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መገናኘታቸው ነው።

6. ቡድን ማለት ምን ማለት ነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ለኅብረት ሥራ ሁሉ እንጠቅሰዋለን። ነገር ግን ድር ጐን ለጐን ስለ ተቀመጠ ብቻ አያስርም፤ መፈተል፣ መጠላለፍና መጥበቅ አለበት። የምዕራፍ ዕደላ ድርን መደርደር ነው። እውነተኛው የቡድን ሥራ የሚጀምረው ሁሉም ባለሙያዎች አንዱን ትምህርት አብረው ሲያነሡት ነው።

ለምሳሌ የሚከተለውን ጉዳይ እንውሰድ። በአያት የባቡር ማደሪያ አንድ ከውጭ የመጣ የጥገና ባለሙያ ማለዳ ላይ የራሱን ላፕቶፕ ከባቡሩ ጋር አገናኝቶ ብልሽት ለመመርመር ጠየቀ እንበል። የሳይበር ባለሙያው «ፈጽሞ አይፈቀድም» ይላል። የጥገና ኃላፊው «ካልተፈቀደ ይህ ባቡር ዛሬ አይወጣም» ይላል። የጉዞ ተቆጣጣሪው «አንድ ባቡር ከጐደለ ጠዋት በመገናኛ ሕዝቡ ይከማቻል» ይላል። የሕግ ባለሙያው «በውሉ መሠረት ባለሙያው ምን መብት አለው?» ብሎ ይጠይቃል። የሥርዓተ ትምህርት ሰው ደግሞ ከሁሉ በኋላ፣ ከሁሉም ይልቅ አስፈላጊውን ጥያቄ ያነሣል፤ «በዚያች ደቂቃ በማደሪያው በር ላይ የቆመው ሠራተኛ ማንን ይጠራል? ምን ይላል? ምንስ ይመዘግባል?»

ከዚህ ክርክር የሚወጣው ትምህርት አጭር ነው፤ የተፈተሸና ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል ላፕቶፕ በማደሪያው ይቀመጣል፣ እንግዳው በእርሱ ብቻ ይሠራል፣ አንድ የቤቱ ሠራተኛ አጠገቡ ይቆማል፣ የተደረገውም በሰዓት ይመዘገባል። አራት መሥመር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ከአምስቱ ሰዎች ማንኛቸውም ብቻቸውን ሊጽፉት አይችሉም ነበር። የቡድን ዝግጅት ዋጋ በገጹ ብዛት ሳይሆን እንዲህ ባለው ነጥሮ በወጣ ውሳኔ ይለካል።

ከዚህ በመነሣት ስለ አደረጃጀቱ ሦስት ነገር ማለት ይቻላል። አንደኛ፣ የቡድኑ አባላት ከስድስትና ከሰባት ሰው ባይበልጡ ይመረጣል፤ ከእነርሱም ቢያንስ ሁለቱ በተረኛነት የሚሠሩ ሠራተኞች ሊሆኑ ይገባል። ሁለተኛ፣ ዝግጅቱ ከይዘት ዝርዝር ሳይሆን ከሥራ ትንተና ይጀምር፤ «ሠልጣኙ ምን ይወቅ?» ከማለት በፊት «ሠልጣኙ በሥራው ላይ ምን ያደርጋል?» ተብሎ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ አንድ ኃላፊነት የተሰጠው አርታዒ ይኑር። ኃላፊ የሌለው ኅብረት ከዕደላው የባሰ ነው፤ ሁሉም ያየው ጽሑፍ ማንም ያላነበበው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራልና። አርታዒው የቴክኒክ ክርክር አይፈርድም፤ ክርክሩ ሳይፈታ ወደ ሠልጣኙ እንዳይሄድ ግን በር ይዘጋል።

7. በኢንተርኔት ስለ መስጠት

ሥልጠናው በኢንተርኔት መሰጠቱ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል። የሌሊት ተረኛውና የቀን ተረኛው በአንድ ክፍል ሊገናኙ አይችሉምና። ሆኖም የመብራትና የኔትወርክ መቋረጥን እንደ ድንገተኛ ነገር ሳይሆን እንደ መነሻ ሁኔታ መውሰድ ይገባል። ትምህርቱ በስልክ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ፣ እያንዳንዱም ክፍል ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ ቢሆን ይመረጣል።

ቋንቋው ሌላ ጉዳይ ነው። የመሣሪያዎቹ መመሪያ በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ በመቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ ያለው ቃል መለወጥ የለበትም። ማብራሪያው ግን ሠራተኛው በአደጋ ጊዜ በሚያስብበት ቋንቋ ሊሆን ይገባል። ሰው ሲደነግጥ አይተረጕምም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግምገማው ነው። በኢንተርኔት ለማረም የሚቀለው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ስለሚቀልም እርሱ ብቻ ይቀራል። «ከሚከተሉት ጠንካራ የይለፍ ቃል የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ በትክክል የመለሰ ሰው የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ላይ ለጥፎት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የኢንተርኔቱ ክፍል ለንባብና ለውይይት ይዋል፤ የምስክር ወረቀቱ ግን በሥራው ቦታ በሚደረግ ልምምድ ይሰጥ። ልምምዱም ስክሪኑ የጠፋ እንደሆነ በመገመት፣ በስልክና በወረቀት አንድ ሰዓት መሥራትን ይጨምር።

አንድ ነገር ደግሞ ሊዘነጋ አይገባም። ስለ ጥበቃ የሚያስተምር ጽሑፍ ራሱ ጥበቃ ያስፈልገዋል። አጠቃላይ መሠረቱ ለሁሉ ክፍት ይሁን፤ የመሥመሩ ትክክለኛ ሥዕልና የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ግን በዝግ ክፍል፣ ለሚመለከተው ሠልጣኝ ብቻ ይቀመጥ። የትኛው የት እንደሚገባ የሚወስነው ቡድኑ እንጂ ጽሑፉን በኮምፒዩተር የሚጭነው ሰው አይደለም።

8. ሊነሣ ስለሚችለው ተቃውሞ

«ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ ሆነው በቆዩበት አገር ስለ ሳይበር ማስተማር ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ተቃውሞ ነው። በእርግጥም ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ የቆሙባቸው ዓመታት ነበሩ፤ በአያት ሰልፍ ይዞ የሚጠብቀው ተሳፋሪም የሚፈልገው ባቡሩን እንጂ የባቡሩን ሶፍትዌር አይደለም። ነገር ግን የሁለቱ ችግሮች ሥር አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። መለዋወጫው የሚያጥረውም፣ ሥርዓቱ ለጥቃት የሚጋለጠውም፣ በባቡሩ ውስጥ ያለውን በዝርዝር የሚያውቀው አቅራቢው ብቻ ሲሆን ነው። የሳይበር ደኅንነት የመጀመሪያው እርምጃ ምን መሣሪያ፣ ከየትኛው ሶፍትዌር ጋር፣ በማን ኃላፊነት፣ የት እንዳለ መዝግቦ መያዝ ነው። ይህን መዝገብ ያዘጋጀ ሠልጣኝ በዚያው ለግዢ ክፍሉ የሚያስፈልገውን ዝርዝር አዘጋጀ ማለት ነው።

«የቡድን ዝግጅት ጊዜ ይፈጃል» የሚለውም እውነት ነው። በዕደላ ሦስት ወር የሚወስደው በቡድን ዓመት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሃያ ምዕራፍ በአንድ ጊዜ ከመጀመር፣ አምስት የሥራ ሁኔታዎችን መርጦ በሚገባ ማዘጋጀት፣ በጥቂት ሠልጣኞች ላይ ሞክሮ ማረም፣ ከዚያ ማስፋት የተሻለ ይሆናል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ሂስ በአጭሩ ሲሰበሰብ የሚከተሉትን ሐሳቦች ያስከትላል።

ሀ. «ደኅንነት» የሚለው ቃል የያዛቸውን ሁለት ትርጉሞች የለየና ግጭታቸውን የመረመረ የቃላት መፍቻ ከማንኛውም ምዕራፍ በፊት ይዘጋጅ።

ለ. በዝግጅቱ ቡድን ውስጥ ተረኛ ሠራተኞችና የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኞች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይግቡ፤ በመጨረሻ «አስተያየት እንዲሰጡ» ብቻ አይጠሩ።

ሐ. የውጭ አገር ድርጊቶች ለማስፈራሪያ ሳይሆን ለልምምድ ይዋሉ።

መ. የምስክር ወረቀት በምርጫ ጥያቄ ብቻ አይሰጥ።

ሠ. የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በሳይንስና በኮምፒዩተር ትምህርት ውስጥ በየአካባቢያቸው የሚያልፈውን ባቡር እንደ ማስተማሪያ ይጠቀሙበት፤ የሎድዙን ልጅ የመሰለ ዝንባሌ ያላቸውንም ተማሪዎች ለይተው ወደ ተፈቀደው መንገድ ይምሩ።

በየቀኑ ከአያት ወደ መሐል ከተማ የሚሳፈረው ሠራተኛ፣ ተማሪና ነጋዴ እነዚህን ቃላት ላያውቃቸው ይችላል፤ እንዲያውቃቸውም አይጠበቅበትም። እርሱ ባለማወቁ የሚተማመነው ሌላ ሰው ያውቃል ብሎ ነው። ያ ሌላ ሰው በእርግጥ እንዲኖርና እንዲያውቅ ማድረግ የሥልጠና አዘጋጆች ሥራ ነው፤ ሥራውም ለየብቻ ተጽፎ በአንድ ሽፋን በመጠረዝ የሚፈጸም አይደለም።